ከ«ደህና ነኝ» በኋላ የሚመጣው

ኤፕሪል 2020 ነው፣ ያ ሁላችንም ቤት የተዘጋብን ሰሞን። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ፣ ሄድሴት አድርጌ አስተረጉማለሁ። አንድ እናት ናቸው መስመር ላይ ያሉት፣ ዕድሜያቸው ከድምፃቸው ወደ ሰባ ሳይጠጋ አይቀርም፣ ዶክተሯ ደሞ ወጣት ትመስላለች፣ ትቸኩላለች። ትኩሳት አለዎት? የለም ልጄ። ሳል? የለም። የደም ግፊት መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው? እሳቸው አዎ ለማለት አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። ያቺን የኛን አዎ ታውቋታላችሁ አይደል፣ አፍ ሳይከፈት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ቆረጥ ተደርጎ የምትባለዋን። ዶክተሯ ዝም አለች። ከዛ ድምጿ ፍጹም ተለውጦ «ትንፋሽ እያጠራቸው ነው? አሁን የሰማሁት ምንድነው?» አለች። እናትየው ጥያቄውን ከኔ ሲሰሙ «ኧረ የለም» አሉ፣ ዶክተሯ «እርግጠኛ ነዎት?» ስትላቸው ደሞ ያንኑ ትንፋሽ ደገሙት።

ያኔ ከአስተርጓሚነቴ ወጣ ብዬ መናገር ነበረብኝ። ሥራችን ላይ ሁሉም ነገር የሚባለው በተናጋሪው አፍ ነው፣ ዶክተሯ «እኔ» ስትል እኔም «እኔ» እላለሁ፣ የራሴን ነገር መናገር ካለብኝ ግን «አስተርጓሚዋ ነኝ፣ አንድ ነገር ላብራራ» ብዬ ለሁለቱም ወገን በየቋንቋቸው አሳውቃለሁ። አብራራሁ። በኛ ሀገር ይሄ አዎ ማለት ነው፣ የትንፋሽ ማጠር አይደለም አልኩ። ዶክተሯ እፎይ ስትል በሄድሴቱ ተሰማኝ። ኮሉ ካለቀ በኋላ ግን ረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፣ እኚህ ሴትዮ እኮ አንዲት ቃል አልደበቁም፣ የተጠየቁትን ሁሉ መልሰዋል፣ መልሳቸው ግን እዛ ጋ ሲደርስ በሽታ ሆኖ ነው የተሰማው።

ይሄን ሥራ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፣ ሜሪላንድ ሆኜ አሜሪካ ውስጥ ካሉ ብዙ ስቴቶች የሚመጣ ኮል እቀበላለሁ። በፊት አብዛኛው ሐኪም ክፍል ውስጥ ሆኖ ነበር የሚደውለው፣ በሽተኛው አጠገቡ ነው፣ እኔ ብቻ ነኝ በስልክ ያለሁት። ከኮቪድ ወዲህ ሦስታችንም ለየብቻችን ነን። በ2020 ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ የቪዲዮንና የስልክ ሕክምናን በሰፊው መክፈል ከጀመረ በኋላ ያ ነገር እየበዛ መጣ፣ ኮቪድ ጋብ ሲል ደሞ ሙሉ ለሙሉ አልተመለሰም። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ታሪኮች ውስጥ ማንነትን የሚያሳውቅ ነገር በሙሉ ቀይሬዋለሁ፣ አንዳንዱም የሁለት ሦስት ሰው ታሪክ አንድ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የሰው ምስጢር ነው።

ሐኪሞች ስለኛ ሰዎች «ዝምተኛ ናቸው፣ አይናገሩም» ሲሉ እሰማለሁ። ፋይል ላይ የሚጽፏት አንዲት አነጋገርም አለች፣ ታሪኩን በደንብ መናገር የማይችል በሽተኛ ለማለት። ያቺ ነገር በጣም ታሳዝነኛለች፣ ምክንያቱም እኔ በጆሮዬ የምሰማው ሌላ ነው።

የምሰማውን ልንገራችሁ። ዶክተሩ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል፣ «ዛሬ እንዴት ነዎት?» ይላል። የኛ ሰው ምን ይላል? «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እርስዎስ ደህና ነዎት? ቤተሰብ ደህና?» እኔ ይሄን እንዳለ እተረጉማለሁ። ዶክተሩ ፈገግ ብሎ «ጥሩ ነው» ይልና መጻፍ ይጀምራል፣ የኪቦርዱ ድምፅ ይሰማኛል። ደህና ነኝ ብሏላ! እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሐኪም ጋ «ደህና ነኝ» መልስ ነው። እኛ ጋ ግን ገና ሰላምታ ላይ ነን። ሰው ምስጋናውን ሳያስቀድም ሕመሙን መዘርዘር ማማረር ይመስለዋል፣ ነውር ነው፣ ፈጣሪም ያዝናል። እና መጀመሪያ ያመሰግናል፣ ከዛ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዛ «ብቻ…» ይላል።

ያቺን «ብቻ» ጠብቁልኝ። በሽታው ያለው እሷ ጋ ነው። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን፣ ብቻ ይቺ ጎኔን ሌሊት ሌሊት ቀስፋ ትይዘኛለች።» «ምንም አልልም፣ ብቻ ምግብ አልበላ አለኝ።» ክፍል ውስጥ ቢሆን ሐኪሙ ባይሰማም ያያል፣ እጃቸው ወደ ጎናቸው ስትሄድ ያያል፣ ከወንበር ሲነሱ ፊታቸው ሲጨማደድ ያያል። ቪዲዮ ላይ የሚታየው ከአንገት በላይ ነው፣ እሱም ስልኩን የያዘው ሰው ቀና ካደረገው፣ አለበለዚያ ግንባርና ኮርኒስ ነው የምናየው። ስልክ ላይማ ጭራሽ ድምፅ ብቻ ነው የቀረው። እና ያቺ ከ«ብቻ» በፊት የምትመጣ ዝምታ፣ ሦስት ወይም አራት ሰከንድ ናት፣ ክፍል ውስጥ ዝምታ ናት፣ ኦንላይን ግን ኔትወርክ የተቋረጠ ነው የሚመስለው። «ሄሎ? ይሰማዎታል? አስተርጓሚ፣ አለሽ?» ይባላል። እና ሊወጣ የነበረው ነገር ተመልሶ ይገባል፣ «አዎ፣ ይሰማኛል» ይሉና እዛው ላይ ያበቃል። ስንት ጊዜ እንዳየሁት ብነግራችሁ!

ደሞ እዛ ከመድረሱ በፊት ያለው ነገር አለ። ኮሉ የሚጀምረው በማጣራት ነው፣ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ። ለምስጢር ጥበቃ ነው፣ ሂፓ የሚባለው ሕግ ስላለ ትክክለኛው ሰው መሆኑን ሳያረጋግጡ መቀጠል አይችሉም፣ ይገባኛል። ግን ከኛ ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 ነው ልደታቸው፣ ሲመጡ የተሞላላቸው ነው፣ እነሱ የሚያውቁት «በጥቅምት ሚካኤል ሰሞን» ነው። ትንሽ ሲያመነቱ ጠያቂዋ ድምጿ ይጠነክራል፣ እሳቸው ይደነግጣሉ፣ የኤምባሲ ኢንተርቪው ነው የሚመስላቸው። ከዛ ዶክተሩ ገብቶ በአያታቸው ስም ይጠራቸዋል፣ ምክንያቱም ፋይሉ ላይ መጨረሻ ያለው ስም እሱ ነው። ዕድሜ ልካቸውን በዛ ስም ተጠርተው አያውቁም። አንዳንዶቹ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ዝም ይላሉ።

የኔም ድርሻ አለበት። እንግሊዝኛው አንድ «ዩ» ብቻ ነው ያለው፣ አንተ ወይስ አንቺ ወይስ እርስዎ የሚለውን የምመርጠው እኔ ነኝ፣ በስልክ ከሆነ ደሞ በድምፅ ብቻ ገምቼ። አንድ ጊዜ ድምፃቸው ቀጭን የሆነ ሴትዮ «አንቺ» አልኳቸው፣ የ64 ዓመት ሴት ነበሩ፣ ከዛ በኋላ መልሳቸው ሁሉ አንድ አንድ ቃል ሆነ። ዶክተሩ ምን እንደተፈጠረ አላወቀም። እኔ አውቄዋለሁ፣ እስከዛሬም ይቆጨኛል። ከዛ ወዲህ «እርስዎ» ብዬ ነው የምጀምረው፣ ወጣቶቹ ላይ ግን ያቺው «እርስዎ» ታርቃቸዋለች፣ ቢሮ የገቡ ያህል ይሰማቸዋል።

ሰዓቱም አለ። «ጠዋት በ8 ይውሰዱት» ሲባል እንዳለ ካልኩት 8 ሰዓት ማለት ለኛ እናት ከምሳ በኋላ ነው። ሁልጊዜ «በኛ ጠዋት 2 ሰዓት» ብዬ እላለሁ፣ ለዶክተሩም እንደዛ እያልኩ መሆኑን እነግረዋለሁ። ይሄን ማንም አላስተማረኝም። ለሕክምና አስተርጓሚነት ቢያንስ 40 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋል፣ ፈተናውም አለ፣ ግን የአማርኛ የቃል ፈተና የለውም፣ እኔ የተፈተንኩት ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ሕክምና ቃላት ነው፣ በእንግሊዝኛ። አማርኛዬን በብሔራዊ ደረጃ የፈተነኝ ሰው የለም። ስፓኒሽና አረብኛ ፈተና አላቸው፣ እኛ ገና ነን።

ሕመም ራሱ እንዴት እንደሚባል አስቡት። ይወጋኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ያንገበግበኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይለበልበኛል፣ ይቆረጥመኛል። ይሄ ሁሉ የተለያየ ሕመም ነው፣ አንድ ሽማግሌ አባት ከእነዚህ ሦስቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ለእግራቸው ሲጠቀሙ ሰምቻለሁ፣ ተረከዙ ይለበልባል፣ ባቱ ይነዝራል፣ ጉልበቱ ይቆረጥማል፣ ማንም ሐኪም ሊሰማው የሚመኘው ዓይነት ገለጻ ነው። ዶክተሯ ግን የጠየቀችው ከዜሮ እስከ አስር ስንት እንደሆነ ነው። «ኧረ በጣም ነው ልጄ።» ቁጥር ይንገሩኝ። «እግዚአብሔር ያውቃል።» እንግዲህ ፋይሉ ላይ ምን እንደተጻፈ እኔጃ። ሌላ ጊዜ አንዲት ሴት «ልቤን ያቃጥለኛል» አለች፣ ቃር ሊሆን ይችላል፣ ሐዘን ሊሆን ይችላል፣ እውነትም ልብ ሊሆን ይችላል። ዝም ብዬ «ልብ» ብዬ ብወረውረው አምቡላንስ ነው የሚጠራው። ቆም ብዬ «ይሄ አባባል ሁለት ሦስት ትርጉም አለውና በሽተኛዋ እንዲያብራሩ ይጠየቁ» አልኩ። ሲጠየቁ ታሪኩ ወጣ። እናታቸው አዲስ አበባ ሞተው ሳይቀብሩ ቀርተው ነበር።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ።

ስልኩን የሚይዘው ማነው? ሊንኩ በቴክስት የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው፣ አፕ ዳውንሎድ አድርጉ ይላል፣ ፓስወርድ ይላል፣ ስለዚህ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይጠራል። ልጅ ከመጣ ደሞ ልጅ ይመልሳል። «መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደች ነው፣ ዶክተር» ትላለች ልጅቷ በእንግሊዝኛ፣ እኔ ለእናትየው ስተረጉምላቸው ዝም ይላሉ፣ ልጃቸውን ሰው ፊት ውሸታም አያደርጓትም። አንዷ እናት የስኳር መድኃኒት በቀን ሁለቴ ከምግብ ጋር ነበር የታዘዘላቸው። ሁዳዴ ነው፣ 55 ቀን። ጠዋት እህል አይቀምሱም፣ ስለዚህ የጠዋቷን ክኒን ከማታዋ ጋር አንድ ላይ ይውጧታል፣ አንዳንድ ቀንም የጠዋቷን ጭራሽ ይተዋታል። ስኳሩ አልወርድ አለ፣ ዶክተሩ መጠኑን ሊጨምር ነው። ልጅቷ ጓዳ ቻርጀር ልታመጣ ስትሄድ፣ እናትየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ጾም ላይ መሆኔን ንገሪልኝ፣ እሷ እንዳትሰማ፣ ትቆጣኛለች» አሉኝ። ለኔ ነው ያሉት። እኔ ግን የሰማሁትን ሁሉ መተርጎም ነው ሥራዬ፣ «ለዶክተሩ እነግርልዎታለሁ» ብዬ ነገርኩት። ዶክተሩ መጠኑን አልጨመረም፣ ክኒኑን ሊያስተካክል እንደሚችል ነገራቸው፣ ከነፍስ አባታቸው ጋርም እንዲማከሩ ጠየቃቸው፣ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ራሷ መንገድ አላት እኮ። ያ ሁሉ የተገኘው ቻርጀር በመጥፋቱ ነው። ቻርጀሩ አጠገባቸው ቢሆን ኖሮስ?

ጸበልም እንደዛው ነው፣ ከመቶ ሐኪም አንዱ እንኳን አይጠይቅም፣ ስለዚህ አይነገርም። አቡነ ጳውሎስ በፈረንጆቹ 2007 ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብሮ መውሰድ እንደማይጋጭ በይፋ የተናገሩ ጊዜ ስንት ሰው መድኃኒቱን ሳይደብቅ መዋጥ እንደጀመረ እዛ የነበረ ያውቀዋል። ሰው የሚደብቀው እንዳይሰደብ ነው።

እና ደሞ እኔ አለሁ። ይሄን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ፈርቼ ነበር። የኛ ሰው ሐኪሙን ያን ያህል አይፈራም፣ ፈረንጅ ነው፣ ሰፈር አያውቀውም፣ ለቅሶ ላይ አያገኘውም። የሚፈራው እኔን ነው። ድምፄ ሀበሻ ነው። ኮሙኒቲው ትንሽ ነው፣ ሀበሻ የበዛባቸው ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ያሉት፣ ሱቅ ውስጥ ሰው ሰውን በድምፅ ይለያል። ስሜን አልናገርም፣ የአስተርጓሚ ቁጥሬን ብቻ ነው የምናገረው፣ ምስጢር ጠባቂ ነኝ ብዬም እጀምራለሁ፣ ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር እንደ ባንክ ማስታወቂያ በፍጥነት ነው የምታልፈው።

አንድ ወንድም ነበር፣ ሲያትል አካባቢ ታክሲ የሚነዳ። ቪዲዮውን የከፈተው መኪናው ውስጥ ሆኖ ነው፣ ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አቁሞታል፣ ከኋላው የግሮሰሪ ፓርኪንግ ይታያል፣ ጋሪ የሚገፉ ሰዎች ያልፋሉ። እንቅልፍ እምቢ ብሎት ነው ቀጠሮ የያዘው። ሐኪሟ ፒኤችኪው 9 የሚባለውን የድብርት መጠይቅ ጀመረች፣ ዘጠኝ ጥያቄ ነው፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ እንዲህ ተሰማህ ይላል፣ መልሱ አራት ዓይነት ነው፣ በፍጹም፣ አንዳንድ ቀን፣ ከግማሽ በላይ ቀን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል። እሱ በፍጹም፣ በፍጹም፣ በፍጹም እያለ ይሄዳል። ቶሎ ቶሎ ነው የሚለው። ዘጠነኛዋ ላይ ደረስን፣ ብሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል የምትለዋ። እሷን አማርኛ አድርጌ ስናገር እኔም ድምፄ ይከብደኛል ሁሌ። ዝም አለ። መሪውን በአውራ ጣቱ ይፍቃል፣ መሪው ላይ የተለጠፈችውን ጥቁር ነገር እያነሳ። ከዛ «እህቴ፣ አንቺ የት ሆነሽ ነው የምትሠሪው?» አለኝ።

ለሐኪሟ ተረጎምኩላት፣ በሽተኛው አስተርጓሚዋን የት እንዳለች እየጠየቃት ነው አልኩ። «ከተመቸሽ መልሺለት» አለች። ሌላ ስቴት ነኝ፣ ከሲያትል በጣም ሩቅ ነኝ፣ አልኩት። ሲያትል ሰው አለሽ? የለኝም።

ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ከአንደኛዋ ጥያቄ እንደገና እንጀምር» አለ።

ከአንደኛዋ ጀመርን። ሐኪሟን ዕድሜ ይስጣት፣ ሰዓት የለኝም አላለችም። መልሶቹ በሙሉ ተቀየሩ፣ ዘጠነኛዋም። በሰላም እንዳለ፣ ማን አብሮት እንደሚኖር፣ ዛሬ ማታ የት እንደሚያድር ቀስ ብላ ጠየቀችው፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለመጣበት ሰው በተዘጋጀው መስመር፣ 988 ላይ፣ በማንኛውም ሰዓት መደወል እንደሚችልና አስተርጓሚም መጠየቅ እንደሚችል ነገረችው፣ ከሁለት ቀን በኋላ መልሳ እንደምታየው ቀጠረችው። እኔ ከዛ በኋላ የሆነውን አላውቅም፣ አስተርጓሚ መጨረሻውን አያይም። ግን ለእንቅልፍ የሚሆን ክኒን ብቻ ተጽፎለት ሊሄድ ይችል ነበር፣ በመካከላችን የነበረው «የማን ዘመድ ትሆን?» የሚል ጥርጣሬ ብቻ ነበር።

አዲስ አበባ ልጅ ሆኜ ትዝ የሚለኝ 952 ነው፣ በነጻ የሚደወልባት የኤችአይቪ መስመር። ሰው ቤተሰቡ ጋ የማያነሳውን፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ የማይጠይቀውን፣ እዛ ደውሎ ይጠይቅ ነበር፣ ክፍል ውስጥ የነበሩ ልጆች ከሕዝብ ስልክ ተሰብስበው ደውለው የጠየቁትን አስታውሳለሁ፣ አንዳችንም ፊት ለፊት ሰው ቢሆን አንጠይቀውም። ማንም ስም አይጠይቅም፣ ፊት የለም፣ ሰፈር የለም። እና የኛ ሰው በስልክ ለጤና ባለሙያ አይናገርም የሚለኝን አላምንም። ሲመቸው እንዴት እንደሚናገር በልጅነቴ አይቻለሁ።

እናቴ ራሷ አሁን እዛው ሆና ለሐኪሟ በቴሌግራም ቮይስ ትልካለች። አራት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። መጀመሪያ ሰላምታ ነው፣ ልጆቹን በየስማቸው ትጠይቃለች፣ ከዛ ምስጋና፣ ከዛ ትንሽ ዝም፣ ጎረቤት ሲያልፍ ይሰማል፣ ከዛ «ብቻ ዶክተርዬ…» ብላ ትጀምራለች። ማንም «ሄሎ፣ ይሰማዎታል?» አይላትም። እሱም ማታ ሲመቸው ሰምቶ በቮይስ ይመልስላታል። እዚህ ያሉት የሆስፒታል አፖች ደሞ መልእክት ጻፉ ነው የሚሉት፣ ያውም አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ። ምናለ ሰው በድምፁ፣ በቋንቋው፣ በራሱ ጊዜ ተናግሮ ከዛ ቢተረጎም!

አንድ ነገር ግን ድምፅ ብቻ መሆኑ የሚያድንበት ጊዜ እንዳለ ልንገራችሁ። የወለደች ልጅ ናት፣ ሦስት ሳምንቷ። ቪዲዮ ላይ ናት፣ ከኋላዋ ባሏ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሐኪሙ ሁሉንም ሴት የሚጠይቁትን ጥያቄ ሊጠይቅ ነው፣ ቤትሽ ውስጥ ደህንነት ይሰማሻል ወይ የሚለውን። እሱ በእንግሊዝኛ ሲላት ምናልባት ባልየው አይሰማውም፣ እኔ በአማርኛ ስደግመው ግን ክፍሉን ሞልቶ ነው የሚሰማው፣ ስልኩ ስፒከር ላይ ነው። አደጋው የኔ ድምፅ ውስጥ ነበር። ጥያቄውን ከመተርጎሜ በፊት ለሐኪሙ «አስተርጓሚዋ ነኝ፣ በክፍሉ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሌላ ሰው ያለ ይመስላል» አልኩት፣ ለእሷም «ብቻሽን መሆንሽን ሐኪሙ እንዲጠይቅሽ እየጠየቅኩ ነው» አልኳት። ጥያቄውን ተወው፣ ስለ ጡት ማጥባት ብቻ ጠየቃት። እሷ ግን ገብቷታል። «ሽንት ቤት ልግባና ልቀጥል፣ ካሜራውን ላጥፋው» አለች። በር ሲዘጋ ሰማሁ፣ ከዛ ቧንቧ ሲከፈት። በሚወርደው ውሃ ሥር ሆና ነው የተናገረችው፣ ሁሉንም።

ይሄን የምታነቡ አሜሪካ ያላችሁ ሰዎች፣ ለእናት አባቶቻችሁ ንገሩልኝ። አስተርጓሚ በነጻ ማግኘት መብታቸው ነው፣ ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚወስድ ሆስፒታልና ክሊኒክ በሙሉ ማቅረብ አለበት፣ በ2010ሩ የጤና ሕግ አንቀጽ 1557 መሠረት ነው፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ኑ ብሎ ማስገደድም አይችልም። በ2025 እንግሊዝኛ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ሆነ ሲባል ብዙ ሰው መብቱ የተነሳ መስሎት ደንግጧል፣ ይሄ የጤናው ሕግ ግን በዛ ትእዛዝ አልተሻረም። ሴት አስተርጓሚ ይሁንልኝ ማለት ይቻላል፣ ከሌላ ስቴት ይሁንልኝ ማለት ይቻላል፣ ካሜራ ይጥፋ ማለት ይቻላል፣ ሁሌም ባይሳካ መጠየቁ ነውር አይደለም። እና ልጆች የሆናችሁ፣ ሊንኩን ከፍታችሁላቸው ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፋችሁ ለአስር ደቂቃ ውጡላቸው። እባካችሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሐኪም አገኘሁ፣ ስሙን አልናገርም፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ነው፣ ብዙ ሀበሻ ያክማል መሰለኝ። በሽተኛው አባት ናቸው፣ ጋቢ ለብሰው ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል፣ ካሜራው አገጫቸውን ነው የሚያሳየው። «እንዴት ሰነበቱ?» አላቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እርስዎስ? ቤተሰብ?» ሐኪሙ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። ባለቤቱ ደህና መሆኗን፣ የልጅ ልጅ እንደተወለደለት ነገራቸው፣ እሳቸው «ያሳድግልዎ» አሉት፣ እኔ ተረጎምኩ። ከዛ ዝም አለ። እሳቸውም ዝም አሉ። አራት ሰከንድ አለፈ፣ አምስት። «ሄሎ» አላለም። ስክሪኑን እያየ ይጠብቃል፣ እኔም ማይኬን እንኳን አልነካሁም።

አባትየው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብሰብ አደረጉ።

«ብቻ ዶክተር» አሉ፣ «ይሄ ሽንቴ ነው። ደም አለበት። ከፋሲካ ጀምሮ ነው፣ ለማንም አልተናገርኩም።»